ጣሪያዬን የበላው የአበልጄ ፈረስ

ሰው ከማን ጋር ይካሰሳል ብትሉኝ፣ ድሮ ቢሆን ከጠላቱ ጋር እላችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጠላቱንማ ሰው ይሸሸዋል፤ ገና ከሩቅ ሲያየው በሌላ መንገድ ይዞራል። የሚካሰሰው አጥር ከሚጋራው፣ እሳት ከሚጫጫረው፣ ሲታመም ከሚጠይቀው ሰው ጋር ነው። እኔ የከሰስኩት አበልጄን ነው፤ የሴት ልጄን የክርስትና አባት። ይህን ስናገር ዛሬም ራሴው እደነግጣለሁ፤ እናንተም ብትደነግጡ አልቀየማችሁም።

ያን ጊዜ ቆሰበር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከቡሬ የመጣሁት አንዲት የእግር መኪና፣ አንድ መቀስና ብዙ ኩራት ይዤ ነው። ከመኖሪያ ቤቴ ጎን፣ መንገዱ ዳር፣ ለሥራዬ የምትሆን ጎጆ ቀለስኩ። ግድግዳዋ ቀርከሃ፣ ክዳኗ ሣር። ቤት የሚሠራ ሰው መቼም በራሱ ቁመት ነው የሚለካው፤ እኔን ደግሞ እግዜር ሲሰፋኝ ጨርቅ አጥሮት ነበር መሰለኝ፣ የጎጆዬ ክፈፍ፣ የክዳኑ ጫፍ፣ ከአንድ ደህና ሰው ደረት አይበልጥም ነበር። የቆሰበር ብርድ ዝቅ ያለ ቤት ይወዳል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ደንበኞቼ ሁሉ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት፤ እኔም ውስጥ ቁጭ ብዬ እጅ የሚነሱኝ ይመስለኝ ነበር። ኩራት እንዲህ በቀላሉ የሚጠግብ ነገር ነው።

ከአጥሬ ቀጥሎ ያሉት አበልጄ አቶ ፈንታ ናቸው። ገበሬ ናቸው፤ ወደ ጥርባ በኩል የአባታቸው መሬት አለ። ከሚስታቸው፣ ከከብቶቻቸውና ከፈረሳቸው ጋር በአገውኛ ይነጋገራሉ፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ። አገውኛውን ቀስ ብለው፣ ለስለስ አድርገው ነው የሚናገሩት። አማርኛውን ግን እንደ ስለታም መጥረቢያ በጥንቃቄ ይይዙታል፤ አንድ ቃል አያባክኑም። ፈረሳቸው ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ ስሙንም ዳማው ይሉታል። በዓል ሲሆን ያን ፈረስ ሸልመው ሲወጡ ያየ ሰው፣ አበልጄ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሳይሆን ፈረሱ እሳቸውን ለሰው ሊያሳይ ይዟቸው የወጣ ይመስለዋል።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው። ሣር ባለቀበት፣ ከብት ሁሉ አጥር አጥር በሚያይበት ወር። መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለ ከራሴ በላይ ቀርጨም ቀርጨም የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ መሰለኝና መርገጤን ቀጠልኩ። ድምፁ ግን የአይጥ አልነበረም፤ አይጥ እንዲህ ረጋ ብላ አታኝክም። ወጥቼ ባይ ዳማው አንገቱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ የጎጆዬን ክፈፍ ይበላል። እንደ ተጋበዘ ሰው ነው የሚበላው፤ ሳይቸኩል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሲደጋግመው ግን ሄጄ ለአበልጄ ነገርኳቸው።

«አበልጄ፣ ፈረስዎ ቤቴን እየበላው ነው።»

እሳቸውም አሰብ አደረጉና «የየትኛው ዓመት ሣር ነው?» አሉኝ።

«የካቻምና።»

«እንግዲያ ርቦት ነው እንጂ ወዶ አይደለም። አስረዋለሁ» አሉ።

አሰሩት። ፈታው። ደግመው አሰሩት። ዳማው ግን በገመድ የሚያምን ፈረስ አልነበረም። በሳምንቱ የጎጆዬ የጓሮ ወገን እንደ ሽማግሌ ጥርስ ሳሳ፤ ከመኪናዬ ላይ ቀና ስል በጣሪያው በኩል ደመና ማየት ጀመርኩ።

ይህንንም እችለው ነበር። ያላስቻለኝ የደብሩ አለቃ ካባ ነው። አለቃው ለበዓል የሚለብሱት ጥቁር ካባ አሰፍተውኝ፣ ጨርሼ፣ ተኩሼ፣ ሰቅዬው ነበር። የግንቦት ዝናብ ደግሞ አታውቁትም፤ ሳይጣራ ነው የሚገባ። ዳማው በከፈተለት ቀዳዳ ገብቶ ካባው ላይ ወረደ። በማግስቱ አደረቅሁት፤ ምንም የሆነ አይመስልም። አለቃውም ምንም ሳያውቁ ለብሰውት በዓሉን አነገሡ። ጥቁሩ ቀለም ግን ዝናብ ከነካው ወዲህ ሰማያዊ እየሆነ ይለቅ ኖሯል። ካባውን ሲያወልቁ ነጭ ቀሚሳቸው ከትከሻ እስከ ወገብ ሰማያዊ ሆኗል፤ አንገታቸውም ጭምር። ሕዝቡ መሳቅ አልቻለም፣ አለመሳቅም አልቻለም። ከመካከል አንዲት አሮጊት ብቻ ተአምር መስሏቸው ተሳለሙ።

አለቃው ምንም አላሉኝም። «እግዜር ይስጥህ» ብቻ አሉኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የካህን ምርቃት እንዲህ ሲሆን ያስፈራል። ያን ዕለት ቁጣዬ አላስተኛ አለኝ። አበልጄን ልከስ ቆረጥኩ።

ለሚስቴ ለጥሩዬ አልነገርኳትም። «ዳንግላ ክር ልገዛ ነው» አልኳት። ዳንግላ የሄድኩት እዚያ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ዋንዛ ሥር የሚቀመጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው። የሱን ማመልከቻ የሰማ ዳኛ ሳያለቅስ አይነሳም ይባል ነበር። እኔም ዳኛ የሚያስለቅስ ሰው ነው የምፈልገው አልኩ።

የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ቀና ብዬ ባይ ፊት ለፊቴ ከድንች ጆንያ ላይ የተቀመጡት አቶ ፈንታ ናቸው።

«አበልጄ፣ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ዳንግላ፤ ክር ልገዛ።»

«ለክር ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ? እኔ ድንች ልሸጥ ስሄድ እገዛልህ ነበር» አሉና ከጋቢያቸው ጫፍ የገብስ ቆሎ ፈትተው ሰጡኝ። አዲስ ቅዳም እስክንደርስ ቆሎውን እየበላሁ የማቀርበውን ክስ በልቤ አሰናዳሁ። ቆሎው ጥሩ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ጨው የነካው። እንዲህ ያለ ቆሎ እየበሉ ሰውን መክሰስ ምን ያህል እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። ቢሆንም ቻልኩበት።

ጸሐፊው ቀጭን፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ የደፋ ሰው ነው። ነገሬን አዳመጠና «ይኸው ነው?» አለኝ።

«ይኸው ነው። ፈረስ ሣር ክዳኔን በላው።»

«እንዲህ ብለን ከጻፍን ዳኛው ይስቃል። የሚሳቅበት ክስ ደግሞ አይፈረድለትም። ለኔ ተወው» አለና ብዕሩን ነከረ።

ጻፈ፤ ጻፈ፤ ወረቀት ገለበጠና ጻፈ። አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። መጨረሻ ላይ አነበበልኝ። ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፤ ግን የሱን አማርኛ ከአራት አንዱን አላወቅሁትም። ድምፁ ግን እንዴት ያምራል። ያልገባኝ ቃል በመጣ ቁጥር እንባዬን ጠረግሁ። እንዲህ የተበደልኩ ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ፈረምኩ።

በማግስቱ ቆሰበር ባለው የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ቀረብኩ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ከአፉ እርሳስ የማይለይ። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና ቴምብር ለጠፈበት፣ ማኅተም መታበት፣ ከዚያም «ተከሳሹ የት ነው የሚገኙት?» አለኝ።

«ከእኔ አጥር ቀጥሎ።»

«ቀጥሎ ከሆነማ መልካም። የሚያደርስ ሰው የለንም፤ መጥሪያውንና የክሱን ግልባጭ አንተው ስጥልን።»

ደነገጥኩ። ሰው ከሰሰ ማለት መንግሥት መጥቶ በመካከል ይቆምለታል ብዬ ነበር የማስበው። ለካ መንግሥት ወረቀቱን ጽፎ መልሶ ለእኔው ነው የሚሰጠኝ። «ማለት… በእጄ?» አልኩት።

«በእጅህ። ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልህና ፊርማውን አምጣ።»

ያን መንገድ ከፍርድ ቤት እስከ አበልጄ ቤት ስሄድ በዕድሜዬ እንዲያ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም። ስደርስ አቶ ፈንታ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የፈረስ ልጓም ይጠግናሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም።

«ከየት ነው?» አሉኝ።

«ከፍርድ ቤት።»

«እንግዲያ ቁጭ በልና አንብብልኝ፤ ቆሞ አይነበብም» አሉና ጋቢያቸውን አንጥፈው ቦታ ሰጡኝ።

ምን ላድርግ? ተቀመጥኩና አነበብኩ። «ተከሳሽ የክፋት ሕሊና ይዞ፣ ባለ አራት እግር ግብረ አበሩን በማሰማራት፣ የከሳሽን መኖሪያ ከላይ ወደ ታች በማፍረስና በመብላት ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከሳሽም ከነቤተሰቡ ሰማይን ተከናንቦ፣ ምድርን ተንተርሶ የሚያድር በመሆኑ፣ ይኸውም ሌባ ፈረስ ነገ ግድግዳውን፣ ከነገ ወዲያም ራሱን ከሳሽን እንደማይምር ግልጽ በመሆኑ…»

እያነበብኩ ድምፄ እያነሰ፣ ላቤ እየበዛ ሄደ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «አይ፣ ይህ ከሳሽ የሚባለው ሰው ብዙ ተጎድቷል» አሉ። «ማነው?»

ጎጆዬን አየሁ፤ ሰማዩን አየሁ፤ ልጓሙን አየሁ። «እኔ ነኝ አበልጄ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር፤ ሰው የሚገላገለው እንዲህ ነው። እሳቸው ግን አተኩረው አዩኝና «ሰማይ ተከናንበህ ነው የምታድረው?» አሉኝ።

«አይ… የዳንግላው ጸሐፊ ነው እንዲያ ያለ።»

«አንተስ ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ፈረሴን ሌባ ብለሃል?»

ወረቀቱን አጠፍኩ። ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ሁሉ እንደ ወሬ ሰምተውታል፤ «ሌባ» የሚለው ቃል ላይ ግን ልጓሙን ከጭናቸው አውርደው መሬት አኖሩት። «እኔን ያልከኝ ይሁን» አሉ። «ሰው ነኝ፤ ሄጄ እመልሳለሁ። እሱ ግን መናገር አይችልም። ሸልሜው ስወጣ አገር የሚያየው ፈረስ ነው። ሌባ ተብሎ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሊጻፍ አይገባም ነበር።» አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙልኝ። ከዚያ ሚስታቸውን በአገውኛ ጠሩ። ምሳ ቀረበልኝ። በላሁ። ከሳሽ ሆኜ በተከሳሽ ገበታ ላይ የበላሁትን ያን የገብስ እንጀራ ጉሮሮዬ ዛሬም ያስታውሰዋል።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ዶፍ ወረደ። ከደጄ ላይ ቆሜ እንዴት እንደምሄድ ሳስብ፣ አቶ ፈንታ ከሣር የተጎነጎነ የዝናብ ገሳቸውን ለብሰው መጡ። «ና ግባ» አሉኝ። አንድ ገሳ ውስጥ፣ ተጠጋግተን፣ ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። ረጅም ናቸውና እኔ በብብታቸው ሥር ነኝ። መንገድ ላይ ያየን ሰው ሁሉ «ወዴት ናችሁ?» ሲለን፣ እሳቸው «ልንካሰስ» ይላሉ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ይስቃል፤ እኔ ግን በገሳው ውስጥ እየተቀበርኩ ነበር።

ዳኛው ወፍራም፣ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ የመጡ። ክሱ ይነበብ አሉ። ያ እርሳሱን የሚያኝከው ጸሐፊ ቆሞ አነበበው። የዳንግላው ሰው አማርኛ በዚያ ትንሽ ክፍል ውስጥ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ። አንዳንድ ባለጉዳዮች የራሳቸውን ነገር ረስተው አፋቸውን ከፈቱ። «ራሱን ከሳሽን እንደማይምር» የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንዲት ሴት አማተበች።

«ከሳሽ» አሉኝ ዳኛው፣ «ፈረሱ ሊበላህ ሞክሯል?»

«የለም ጌታዬ።»

«ቤተሰብህ የሚያድረው የት ነው?»

«ከቤት ጌታዬ። ቤቱ ደህና ነው። የተጎዳው የምሠራባት ጎጆ ናት፤ እሷም በአንድ ወገን።»

«ታዲያ ሰማይ የተከናነበው ማነው?»

«የእግር መኪናዬ» አልኩ።

ሳቁ ሲበርድ ዳኛው ወደ አበልጄ ዞሩ። አበልጄ ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው አውርደው ታጥቀው ቆሙ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ፈረስ ምን ይበላል?»

«ሣር» አሉ ዳኛው።

«ሣር ከፈረስ አፍ ትይዩ የሰቀለው ማነው? እኔ ነኝ? ክፈፉን እንደ ግርግም ዝቅ አድርጎ የሠራ እሱ ነው። እኔ ፈረሴን አስሬያለሁ፤ እሱ ፈትቷል፤ ለሱ ጥፋት ጎጆውን እከድናለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ሌባ አይደለም። ሌባ ተደብቆ ነው የሚበላ። እሱ ግን በቀን፣ በግላጭ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው የበላው። ይህ ቃል ይውጣልኝ።»

ከኋላ ያሉት ሰዎች «እውነት ነው» አሉ። እኔ ራሴ እውነት ነው ልል ነበር፤ አፌን ያዝኩ። ዳኛው አገጫቸውን አሻሹና «የክፈፉን ከፍታ ሳላይ አልፈርድም፤ ነገ ቦታው ድረስ እመጣለሁ፤ ምስክር ያላችሁም እዚያው አቅርቡ» አሉ።

እስቲ አስቡት። ፍርድ ቤት ወደ እኔ ጎጆ ሊመጣ ነው። ቤት ገብቼ ለጥሩዬ የግዴን ነገርኳት። እጇን አገጯ ላይ ጭና ሰማችኝ። «አበልጃችንን?» አለች። «ክር ልገዛ ብለህ ሄደህ?» ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሴት ስትጮህ ቤት ይናወጣል ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ስትል ነው ምሰሶው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት።

በማግስቱ ዳኛው በበቅሎ መጡ፤ ጸሐፊውና አንድ ዘበኛ ተከትለዋቸዋል። የቆሰበር ሰው ሁሉ ሥራ የፈታ ይመስል አጥሬን ከብቦታል። ዘበኛው የዳኛውን በቅሎ ከጎጆው ጓሮ ወስዶ አሰረና ፊት ለፊት መጥቶ ቆመ፤ ነገሩ እንዳያመልጠው። ዳኛው የክፈፉን ከፍታ በራሴው የልብስ ሜትር ለኩ። ከዚያ ዳማው ቀርቦ አንገቱ ተለካ። አበልጄ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው በአገውኛ አንድ ነገር ነገሩት።

«ምን አሉት?» ብለው ጠየቁ ዳኛው።

አገውኛ የሚያውቀው ጸሐፊ «‹ዛሬ አታሳፍረኝ› ነው ያሉት ጌታዬ» አላቸው።

ፈረሱም እንደ ተባለው ጭራውን እንኳ ሳይወዘውዝ ቆመ።

«ምስክር ማነው ያለው?» አሉ ዳኛው። እኔ ጎረቤቶቼን ልጠራ አፌን ስከፍት፣ አበልጄ ቀደሙኝ። «የእኔ ምስክር የከሳሽ ባለቤት ናት» አሉ።

የሆነ ሰው በገጀራ የመታኝ መሰለኝ። ጥሩዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ወጣች፤ ወንጌል ነክታ ማለች፤ እኔን አላየችኝም።

«የምታውቂውን ተናገሪ» አሏት ዳኛው።

«ይህ ፈረስ የሚመጣው እኔ ጠርቼው ነው» አለች።

አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ አንገቱን አሰገገ። እኔ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ጠላ በጠመቅሁ ቁጥር አተላውን ከጎጆው ጓሮ አቀርብለታለሁ። ሰዓቱን ያውቃል። ጠላ ያልጠመቅሁ ቀን ደግሞ መጥቶ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ይርበዋል። ሲርበው ከፊቱ ያገኘውን ይበላል። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የሱ አይደለም።»

«ለምንድን ነው የሰው ፈረስ የምትቀልቢው?» አሉ ዳኛው፤ እሳቸውም ደንግጠዋል።

ጥሩዬ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄን ልወልድ ምጥ ሲይዘኝ፣ ይህ ሰውዬ ቻግኒ ገበያ ነበር። አዋላጇ ከወንዝ ማዶ ናት፤ ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። አበልጃችን በዚህ ፈረስ ላይ ጭነው አሻገሩኝ። ውኃው ከደረቱ በላይ ነበር፤ እኔ ስጮህ እንኳ አልደነበረም፤ ደንጋዩን በእግሩ እየፈለገ፣ ቀስ ብሎ ወሰደኝ። አበልጃችንን ክርስትና አንሡልን ብለን አከበርናቸው። ለፈረሱስ ምን ሰጠነው? እኔ የምሰጠው ብር የለኝም። አተላ ነው ያለኝ፤ አተላ ሰጠሁት።»

«ለባልሽስ ለምን አልነገርሽውም?»

«ጠየቀኝ እንዴ ጌታዬ? እሱ ለክስ ዳንግላ ድረስ ይሄዳል እንጂ፣ ከጎጆው እስከ ቤቱ መጥቶ ምን ሆነሽ ነው አይለኝም።»

ያን የወንዝ ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለሰውም አውርቼዋለሁ። ሳወራው ግን ሁልጊዜ «አበልጄ አሻገሯት» ነው የምለው። ፈረሱን ረስቼዋለሁ። ሚስቴንና ልጄን በጀርባው ይዞ የወጣውን ፍጥረት፣ በቴምብርና በማኅተም ሌባ ብዬዋለሁ። ዳማውን አየሁት፤ እሱ ወደ መንገዱ ያይ ነበር። እፍረት እንደ ላብ ከግንባሬ ወረደ።

በዚህ መካከል ከጎጆው ጓሮ፣ ቀርጨም ቀርጨም የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁላችንም ዳማውን አየነው። አፉ ዝግ ነው። አበልጄ አፉን በእጃቸው ይዘው አሳዩን። ድምፁ ግን ቀጥሏል።

ዞረን ሄድን። የዳኛው በቅሎ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጎጆዬ ውስጥ ገብታ፣ ዳማው የተወውን እያጠናቀቀች ነው። አንድ ክንድ የሚያህል ሣር ከአፏ ተንጠልጥሏል። ሁላችንም ማየታችን ግን አላሳፈራትም፤ የወረዳው ዳኛ በቅሎ ናት።

ዘበኛው መሬት መሬት ያያል። ጸሐፊው እርሳሱን ከአፉ አወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌታዬ፣ ይህንንም ልመዝግበው?» አለ።

ዳኛው ከበቅሎዋ አፍ የተንጠለጠለውን ሣር አዩና «መዝግበው» አሉ።

«የማን በቅሎ ብዬ?»

«የማን እንደሆነች ታውቃለህ» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው እንደ አለቃው ቀሚስ ቀለሙን ለውጧል። «እንግዲህ በዚህ ነገር እኔ ዳኛ ልሆን አልችልም። እኔም ገብቼበታለሁ። ብትታረቁ ለእናንተም ለእኔም ይበጃል።»

እኔማ መሬት ላይ ወድቄ የአበልጄን ጉልበት ይዣለሁ። አቶ ፈንታ በብብቴ ይዘው አነሡኝና «ይሁን» አሉ፤ «ነገር ግን ቃሉ ይሠረዝልኝ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መዝገብ ላይ የገባ አይሠረዝም። ግን ሌላ ቃል ይጨመርበታል።» ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ «ምን ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። የዳንግላውን ሰው ተመኘሁት፤ ከዚያ ተውኩት። በራሴው አማርኛ «ፈረሱ ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሌባ ያልኩት እኔ ተሳስቼ ነው» አልኩ። አበልጄ ሁለቴ አስነበቡትና ለፈረሱ በአገውኛ ነገሩት። እኔም አገውኛ ባላውቅም ምን እንዳሉት ገባኝ።

ጎጆዋን ክረምቱ ሳይገባ ለመክደን ተስማማን። ታቦት የሌለበት ቀን መፈለግ ብቻ ራሱን የቻለ ክርክር ሆነ፤ ቆሰበር ከሥራ ቀኑ በዓሉ ይበዛል። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ተገኘ። አበልጄ ከክምራቸው ሣር አመጡ። በጠዋት ደግሞ ሁለት አህያ ጭነው የመጡ ሰው አየሁ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አሮጌ ሱሪ ለብሰው። ሲቀርቡ ዳኛው ናቸው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሣሩን ሰጥተው ይመለሳሉ ስል መሰላሉን ይዘው ወጡ። ለካ አባታቸው ቤት ከዳኝ ነበሩ፤ ከእኔም ከአበልጄም ይልቅ ያውቁበታል። «አጥብቀህ እሰር፤ እንዲህ ነው እንዴ የሚታሰር?» እያሉ ይቆጡኛል። ክፈፉንም በቀርከሃ አንድ ክንድ ከፍ አስደረጉት።

ከቀትር በኋላ ሦስታችንም ጣሪያው ላይ፣ ጭንቅላታችን ላይ ሣር ተጥሎብን ሳለን፣ አንድ ሰው መንገዱን ይዞ መጣ። በእጁ የታጠፈ ማመልከቻ ይዟል። ፍርድ ቤት ሄዶ ዳኛውን አጥቷቸው ነው።

«ዳኛው እዚህ አሉ ብለውኝ ነበር» አለ ቀና ብሎ።

«እኔ ነኝ» አሉ ዳኛው ሣር እየጎነጎኑ። «ምንድን ነው ጉዳይህ?»

ሰውየው አያቸው። ከጎናቸው ያሉትን አበልጄን አየ። እኔን አየኝ። ጥሩዬ ከታች ቆማ ለዳማው በተሰበረ እንስራ አተላ ታቀርባለች፤ እሷንም አየ። «እናንተስ ማን ናችሁ?» አለ።

«እኔ ተከሳሹ ነኝ» አሉ አቶ ፈንታ። «ይህ ደግሞ ከሳሼ ነው።»

ሰውየው ማመልከቻውን ደግሞ አጠፈው፤ እንደገና አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

«ጉዳይህን ተናገር እንጂ» አሉት ዳኛው።

«ተውት ጌታዬ» አለ። «እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ጣሪያ ላይ መውጣት አልችልም። ሣሩን ከታች ላቀብላችሁ።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አቀበለን። ሲጨርስ ጥሩዬ አንድ ዋንጫ ጠላ ሰጠችው፤ ጠጥቶ መርቆን ሄደ። ማንን ሊከስ እንደመጣ ማናችንም አልጠየቅነውም።